በድሬዳዋ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክ፤ ስለ ጎረቤትና ስለ ዓለም ዕውቀት

መግቢያ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን የማያውቅ የለም። ባቡሩ ጨው፣ ቡናና መንገደኛ ብቻ እንዳላመላለሰ ግን ሲነገር ብዙም አይሰማም። በዚያው ሐዲድ ላይ መጽሐፍ፣ ካርታ፣ የፊልም ጥቅልና ኋላም የራዲዮ መቀበያ ወደ አገር ገብቷል። ከነዚህም ብዙዎቹ ወደ ተማሪው ክፍል ደርሰው ሕፃናት ስለ ሩቅ አገርና ስለ ሩቅ ሕዝብ የሚያውቁትን ለውጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ታሪክ ነው፤ ማለት በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በየዘመኑ የገቡት የማስተማሪያ መሣሪያዎች ተማሪው የሌላውን ሰው ባሕልና ሰፊውን ዓለም እንዲያውቅ ምን ያህል እንደ ረዱት ነው።

የማስተማሪያ መሣሪያ ስንል ከእንጨት ሉሕና ከጥቁር ሰሌዳ አንሥቶ እስከ ራዲዮ፣ እስከ ፕላዝማ ቴሌቪዥንና እስከ እጅ ስልክ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ሰሌዳው በተተከለበት ጊዜ ራዲዮ ኋላ ያገኘውን ያህል አድናቆት ስላገኘ፣ አዲስ የሆነውን ብቻ መሣሪያ ብሎ መጥራት ታሪኩን ያጎድለዋል። ደግሞም ፊደል ራሱ፣ ማለት አንድ ቋንቋ በምን ምልክት ይጻፍ የሚለው ነገር፣ ከመሣሪያዎች ሁሉ የቀደመ ስለ ሆነ ከምርመራችን አላወጣነውም።

በእያንዳንዱ ዘመን ሦስት ጥያቄ እናነሣለን። አንደኛ፣ በመሣሪያው የሚናገረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ የሚናገረው በምን ቋንቋ ነው? ሦስተኛ፣ ተማሪው መልስ ሊሰጥበት ይችላልን? ሦስተኛው ጥያቄ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ምክንያቱም የባሕል መተዋወቅ ከሁለት ወገን የሚሆን ነገር ስለ ሆነ፣ አንዱ ሁልጊዜ ተናጋሪ ሌላው ሁልጊዜ አድማጭ የሆነበት ትምህርት መተዋወቅ ሊባል አይችልም።

የዘመኑ ቁጥር እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. የሐዲድና የማተሚያ ዘመን

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ካለው ሜዳ ላይ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣቱ ዳገቱ ስለ ከለከለ ጣቢያው ከተራራው በታች ተሠራ፤ በዙሪያውም አዲስ ሐረር ተብሎ የተጠራው ኋላም ድሬዳዋ የሆነው ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ በ1909 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ ድሬዳዋ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የባሕር ማዶ ነገር ሁሉ ከባቡር ወርዶ በቅሎና ግመል ላይ የሚጫንባት ደጃፍ ሆና ቆየች።

ከተማዪቱ ከመጀመሪያው ሁለት መልክ ነበራት። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራ አለ፤ መንገዱ በገመድ የተለካ፣ የባቡሩ ሹማምንትና ሠራተኞች፣ ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣልያኖች የሰፈሩበት ነበር። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡና ሌላውም ነጋዴ በጠባብ መንገድ ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ ገበያውም የሚቆምበት ነው። በክረምት ጎርፍ ካልመጣ በቀር ደቻቱ በእግር የሚሻገሩት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በትምህርት በኩል ግን ሁለቱን ወገኖች የለየው ርቀት ከወንዙ ስፋት የበለጠ ነበር።

በከዚራ የእንጀራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በጣቢያው ለጸሐፊነት፣ በጥገናው ቤት ለመካኒክነት ወይም በቴሌግራፍ ክፍል ለመቀጠር የፈለገ ወጣት ፈረንሳይኛ ማወቅ ነበረበት። ስለዚህ አልያንስ ፍራንሴዝና የካቶሊክ ሚስዮን የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪ አላጡም። የካፑቺን አባቶች በሐረር የለምጽ በሽተኞች መጠለያ ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ይኸው ቅዱስ አልዓዛር የተባለው ማተሚያ ኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ መጻሕፍትን ያትም ነበር። የታተመ መጽሐፍ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታና ጥቁር ሰሌዳ፣ እነዚህ ናቸው የአዲሱ ትምህርት የመጀመሪያ መሣሪያዎች።

ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በዚያ አገር የዓለም ዕውቀት አልነበረም ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። በመጋላ የቁርዓን ተማሪ በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሉሑንም አጥቦ እንደገና ይጽፍበታል። ያ ልጅ መካን፣ መዲናን፣ የየመንን የትምህርት ከተሞች በስም ያውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተማሪም ከፊደል ገበታው ተነሥቶ ኢየሩሳሌምንና እስክንድርያን ያውቅ ነበር። ሁለቱም ከተወለዱበት መንደር ርቆ በሚሄድ ዓለም ውስጥ ይኖሩ ነበር። የከዚራው ተማሪ ደግሞ ፓሪስንና ማርሴይን አወቀ። የቀረው ነገር አንድ ነው፤ ሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ አንዱ የሌላውን ዓለም አልተማረም። በካርታው ላይ የፈረንሳይ ወንዞች በስማቸው ተጽፈው ሳለ፣ የጎረቤቱ ልጅ በሉሑ ላይ የሚጽፈው ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ መጽሐፍ በክፍሉ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ይህን ክፍተት የሚያልፉት ሰዎች እንጂ መሣሪያዎች አልነበሩም። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ነው። አባ ሳሙኤል ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሆነው ከሚስዮኑ አለቃ ከአባ እንድርያስ፣ ማለት ከሞንሲኞር ዣሮሶ ዘንድ የአውሮፓን ትምህርት የተማሩ ነበሩ፤ በሐረርም የልጅ ተፈሪ መኮንን፣ ማለት የኋላው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስተማሪ ሆኑ። ይህ ምሳሌ የሚያስተምረን፣ ሁለቱን ወገን የሚያውቅ አስተማሪ በሌለበት ካርታውና መጽሐፉ ብቻቸውን የአንድ ወገን ምስክር ሆነው እንደሚቀሩ ነው።

፪. የጠላት ወረራ ዘመን

በግንቦት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድሬዳዋ ገባ፤ እስከ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። ዘመኑ አጭር ቢሆንም ለጥያቄያችን ከፍ ያለ ትምህርት ስለሚሰጥ በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

የፋሺስቱ መንግሥት የነጭን ልጅና የአገሬውን ልጅ በትምህርት ቤት ለየ። ለአገሬው ልጆች የማስተማሪያ ቋንቋ በየግዛቱ እንዲከፋፈል ደንብ አወጣ፤ በዚህም መሠረት ለሐረር ግዛት ሐረሪና ኦሮምኛ ተመደቡ። ፊልምና የድምፅ ማጉያ ደግሞ የወራሪውን ኃይልና ክብር ለማሳየት ዋሉ።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር በራሱ መልካም ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያ ደንብ ሕዝቡ እንዲተዋወቅ ሳይሆን እንዲለያይ የታሰበ ስለ ነበረ፣ ቋንቋውን አክብሮ ተናጋሪውን የናቀ ሆነ። አንድን መሣሪያ ወይም አንድን ደንብ በመልኩ ብቻ ልንፈርድበት እንደማይገባ፣ የተሠራበትንም ዓላማ መጠየቅ እንዳለብን ከዚህ እንረዳለን።

፫. ከነፃነት በኋላ፤ ካርታ፣ ፊልምና ራዲዮ

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ የውጭው ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተዛወረ። በድሬዳዋ ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም። ባቡሩ በፈረንሳይኛ መሥራቱን ቀጥሏል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና ፈተናው ግን እንግሊዝኛ ሆኗል። ስለዚህ የአባት ፈረንሳይኛ ለልጅ ሳይተርፍ ቀረ። አማርኛም በ1950ዎቹ አጋማሽ በመላው አገር የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ተደረገ። በዚህ ጊዜ ከአማራው ልጅ ጋር አብረው የተቀመጡት የኦሮሞና የሶማሌ ልጆች አንድ ቋንቋ በቤት፣ አንድ በክፍል፣ አንድ ደግሞ በመድረሳ ይዘው ያድጉ ነበር። የድሬ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ ይናገራል የሚባለው ከትምህርት ቤቱ የመጣ አይደለም፤ ከገበያው፣ ከሰፈሩና ከጣቢያው የመጣ ነው።

በ1955 የትምህርት ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የመጀመሪያዎቹ ከ270 በላይ ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ድሬዳዋም የበኩሏን ድርሻ አገኘች። ፊልም ማሳያ፣ ሥዕላዊ መጽሔትና የቴፕ መቅጃ በብዙ ክፍሎች የታወቁት በዚህ ዘመን ነው። ፊልሙ የሌላ አገር ከተማ፣ ፋብሪካና እርሻ ያሳያል፤ ተማሪው ይደነቃል፤ መብራቱ ሲበራም ያበቃል። ወጣቱ ባዕድ አስተማሪ ግን ከፊልሙ የተለየ ነገር ነበረው። ጥያቄ ሊጠየቅ ይችላል፤ እርሱም ስለ ጫት ገበያው፣ ስለ ረመዳንና ስለ ጥምቀት ተማሪዎቹን ይጠይቃቸዋል። የመልሱ መንገድ የተከፈተው በሰውየው በኩል ነው።

ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር፣ ኋላም የትምህርት ፕሮግራም ሲጨመርበት፣ ሥርጭቱ ከዋና ከተማው አካባቢ አላለፈም ነበር። ስለዚህ በድሬዳዋ የዘመኑ ዋና መሣሪያ ራዲዮ ሆነ። ራዲዮ ግን ዋና ቦታው ክፍል ሳይሆን ሻይ ቤት ነበር። የካይሮ ጣቢያ በዓረብኛ ይሰማል፤ የቢ.ቢ.ሲ. የሶማልኛ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ይናገራል፤ ከአዲስ አበባም የአማርኛና የሶማልኛ ዜና ይመጣል። የሱዌዝ ቦይ ጉዳይ፣ የአፍሪካ አገሮች ነፃ መውጣት፣ የአልጄርያ ጦርነት፣ ይህ ሁሉ በመጋላ ሻይ ቤቶች በሦስት ቋንቋ ይከራከሩበት የነበረ ነገር ነው። እዚያ የተሰማው ከሦስት ወገን የመጣ ስለ ነበረ፣ አድማጩ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ መፍረድ ይችል ነበር። በክፍል ውስጥ ያለው መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለ ዓለም መማር ማለት የተለያየ ወሬን አመዛዝኖ መረዳት ከሆነ፣ በዚያ ዘመን የተሻለው ትምህርት ቤት ሻይ ቤቱ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

የፊደልን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል። በሐረርጌ ገጠር የታወቁት የሃይማኖት ሊቅና ገጣሚ ሼኽ በክሪ ሳፓሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ቋንቋ ራሱን የቻለ ፊደል አውጥተው ማስተማር ጀመሩ። የዓረብኛው ፊደል የኦሮምኛን ድምፆች በሚገባ እንደማይገልጽ በመረዳታቸው ነበር። የመንግሥቱ ባለ ሥልጣኖች ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ሼኹም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከመንደራቸው ተነሥተው በድሬዳዋ ከተማ በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ። በኋላም በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1980 በሶማሊያ ዐረፉ። ባንድ በኩል የባሕር ማዶን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም በትምህርት ቤቶች እየታየ፣ በሌላ በኩል የአገሩን ቋንቋ ለመጻፍ መሣሪያ ያበጀ ሊቅ በዚያችው ከተማ ተከልክሎ ተቀመጠ። ስለ ዓለም ዕውቀት ስንጽፍ ይህን ጎን ለጎን ካላየነው ታሪኩ ሙሉ አይሆንም።

በአንጻሩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያኮራ ምሳሌ በዚያው ዘመን እናገኛለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው ቡለቲን፣ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን ወግና ልማድ ጽፈው አቅርበዋል። መሣሪያቸው እርሳስና ወረቀት ነበር። ጽሑፉም የወጣው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ያስተማሯቸው ገበሬዎችና እናቶች ሊያነቡት አልቻሉም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ሆኖም ተማሪው ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ መዝጋቢ የሆነበት ሥራ በመሆኑ፣ ሦስተኛውን ጥያቄያችንን በመልካም ሁኔታ ይመልሳል።

፬. የመሠረተ ትምህርትና የጦርነት ዘመን

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ አደጋ ጥሎ ሳይሳካለት ተመለሰ። ጦርነት በሚነድበት ጊዜ የጎረቤት ቋንቋ መናገርና የጎረቤት ራዲዮ መስማት ንጹሑንም ሰው ለጥርጣሬ ያጋልጠዋል። ሻይ ቤቱ ይሰጥ የነበረው ትምህርት በዚህ ምክንያት ጠበበ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ ማለት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተካሄደ፤ ኋላም ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ራዲዮም ዘመቻውን ያግዝ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በሽልማት ያከበረው ይህ ዘመቻ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በመንግሥት ፈቃድ በሰሌዳ ላይ እንዲጻፉ በማድረጉ ለድሬዳዋ አዲስ ምዕራፍ ነበር። መጽሐፎቹ ግን የመንግሥቱን የፖለቲካ ትምህርት የተሸከሙ ስለ ነበሩ፣ ቋንቋው የሕዝቡ ሲሆን ቃሉ ከላይ የወረደ ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ጥያቄያችን ያለፈ፣ በአንደኛው የወደቀ ልንለው እንችላለን።

፭. ፕላዝማ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ግድም የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በመላው አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘረጋ። ሕዝቡ ከስክሪኑ ስም ነሥቶ ፕላዝማ አለው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት በኩል በአንድ ሰዓት ለሁሉም ክፍል ይደርሳል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ የክፍሉ አስተማሪ ከፊትና ከኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል።

ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን የፕላዝማን በጎነት አስቀድመን እንናገር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪን ሙከራ አሳይቷል። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ፣ የደም ዝውውር፣ በቃል ብቻ ሲነገሩ የነበሩ ነገሮች በዓይን ታዩ። በከተማ ያለውና በገጠር ያለው ተማሪ አንድ ትምህርት በአንድ ቀን ማግኘቱም ቀላል ነገር አይደለም። የሠለጠነ አስተማሪ ባነሰበት አገር እንዲህ ያለውን መንገድ መሞከር የሚያስወቅስ አልነበረም።

ነገር ግን ስክሪኑን ማቆም አይቻልም ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ የሩቁ አስተማሪ አያየውም፤ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያም መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። እስከ አንደኛ ደረጃ መጨረሻ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የተማረ የድሬዳዋ ልጅ ይህን ፈጣን እንግሊዝኛ በመጀመሪያው ቀን መከተል ነበረበት። የክፍሉ አስተማሪም መብራት አብሪና አጥፊ ሆነ እየተባለ ተተቸ። በኋለኞቹ ዓመታት መሣሪያው በብዙ ቦታ ተበላሽቶ ወይም ተዘግቶ ቀረ።

ለጥያቄያችን ዋናው ነገር ይህ ነው። ፕላዝማ ከመሣሪያዎች ሁሉ ሩቅ ያደረሰን ሲሆን፣ መልስ በመቀበል በኩል ከሁሉ ያነሰ ነበር። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጥንቱ ካርታ እንኳ ተማሪው ተነሥቶ በጣቱ ሊያሳይበት ይችል ነበር።

፮. ሦስት ቋንቋ በአንድ ከተማ

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋን አስተዳደር ሕዝብ 341,834 አድርጎ አስቀምጧል። ከዚህም ኦሮሞው ከመቶ 46፣ ሶማሌው ከመቶ 24፣ አማራው ከመቶ 20 ያህል ነው፤ የቀረው ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቁጥር 416 በወጣው አዋጅ ከተማዪቱ የራሷ ቻርተር ተሰጣት። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ማስተማሪያ ሆነዋል። ሁለቱ በላቲን ፊደል፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ፤ በመድረሳ ደግሞ የዓረብኛ ፊደል አለ። እያንዳንዱ ሕፃን በእናቱ ቋንቋ መማሩ ሼኽ በክሪ ያላዩት መብት ነው፤ ወደ ኋላ እንዲመለስም የሚገባው አይደለም።

ሆኖም መብቱ አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። ድሮ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩት ልጆች ዛሬ ብዙ ጊዜ በተለያየ ክፍል ወይም በተለያየ ትምህርት ቤት ይውላሉ። የጎረቤቱን ቋንቋ ከሰፈር ካልለቀመው በቀር ከትምህርት ቤት አያገኘውም። በጥር 2011 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን በከተማዪቱ የተነሣው ሁከት፣ የድሬ ፍቅር ተብሎ የሚወደሰው የአብሮ መኖር ልማድ ያለ ጠባቂ ሊተው እንደማይገባ አሳይቶናል። ሁከቱ ከትምህርት ቤት መጣ አንልም፤ መንስኤው ብዙ ነው። የምንለው፣ ወጣቱ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ከወሬና ከስልክ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚይዘው ነገር እንደሚያጣ ነው።

የስልክን ነገር ካነሣን፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተሞከረ። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ግን ኢንተርኔት በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ስልክ የሌለው ቤት ከመጀመሪያው ውጭ ነበር፤ ስልክ ያለውም በዚያ ጊዜ ውጭ ሆነ። ራዲዮ ግን መናገሩን አላቆመም። ከዚህ የምንማረው አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ጨርሶ እንደማይተካው ነው።

ስልክ ከፕላዝማ የሚለይበት ታላቅ ነገር አለ፤ መልስ ይቀበላል። ድምፅ ይቀርጻል፣ ሥዕል ያነሣል፣ የተቀረጸውን ይልካል። ባለፉት ዓመታት የብሪቲሽ ካውንስል የኢትዮጵያንና የብሪታንያን ትምህርት ቤቶች ያገናኘበት ፕሮግራም በዚህ መንፈስ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ግንኙነት ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ለንደን ካለው ተማሪ ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ የከዚራ ልጅ በአጠገቡ ካለው የሶማልኛ ክፍል ልጅ ጋር ካልተነጋገረ፣ የመቶ ዓመቱ ካርታ እንደገና ተሰቀለ ማለት ነው።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ያየነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ባቡሩ የፈረንሳይን ዓለም አመጣ፤ ፋሺስቱ ቋንቋን ለመለያያ አዋለ፤ ፊልም አስደነቀ፤ ራዲዮ በሻይ ቤት አከራከረ፤ ዘመቻው የሕዝቡን ቋንቋ በሰሌዳ ጻፈ፤ ፕላዝማም ሩቁን አቀረበ። በየዘመኑ ተማሪው ስለ ሌላው በእውነት የተማረው መልስ መስጠት በቻለበት ስፍራ ነው፤ ያም ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገን የሚያውቅ አስተማሪ የነበረበት ወይም ብዙ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ሆኖ አግኝተነዋል። የመሣሪያው አዲስነት ከዚህ ጋር አልተያያዘም።

ስለዚህ ሦስት አስተያየት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በሦስቱ ቋንቋዎች የሚማሩ ተማሪዎች የከተማቸውን ታሪክ በስልክ ድምፅ መቅጃ እየሰበሰቡ ይለዋወጡ። በሕይወት ያሉ የባቡር ሠራተኞች፣ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች፣ የመድረሳና የአብነት አስተማሪዎች አሉ። በኦሮምኛ የተቀረጸውን የአማርኛ ክፍል ተማሪ በጓደኛው ትርጉም ይስማ፤ በአማርኛ የተቀረጸውንም የሶማልኛ ክፍል ይስማ። የከተማዪቱ የኤፍ. ኤም. 106.1 ጣቢያ ከነዚህ የተመረጠውን ቢያሰማ ስልክ የሌለውም ቤት ይሳተፋል።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ አገር በፊት ከጂቡቲ ትምህርት ቤቶች ጋር ግንኙነት ይጀመር። ጂቡቲ የሐዲዱ ሌላ ጫፍ ናት፤ ርቀቷ በባቡር 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቤተ ዘመዶች በሁለቱም ከተማ አሉ። የጂቡቲ ተማሪ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ይማራል፣ የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛ፤ ሁለቱን ሊያገናኝ የሚችለው የጋራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ግንኙነት የሶማልኛ ክፍል ልጅ የሁላችን አስተርጓሚ ይሆናል። በሌላ ጊዜ በክፍሉ ዳር የሚቀመጠው ልጅ ያን ቀን ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ይሆናል ማለት ነው። ከአንድ መሣሪያ የምንጠብቀው የባሕል መተዋወቅ ከዚህ የበለጠ አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ ወደ ክፍል የሚገባ ማናቸውም መሣሪያ አስተማሪው ሊያቆመው የሚችል ይሁን። በመካከል ቆሞ ተማሪውን በራሱ ቋንቋ የሚጠይቅበት፣ የሰማውን ከሚያውቀው ጋር የሚያስተያይበት ጊዜ ይሰጠው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ውስጥ የሁለተኛ አገር ቋንቋ ትምህርት ነው። በድሬዳዋ የሚያስተምር ሰው ከሦስቱ ቋንቋዎች ቢያንስ ሁለቱን ቢያውቅ፣ አባ ሳሙኤል በሐረር ለአንድ ተማሪ የሠሩትን ሥራ እርሱ ለሃምሳ ተማሪዎች ሊሠራው ይችላል።

ከነዚህ አስተያየቶች የመጀመሪያውን ለመሞከር ትእዛዝ መጠበቅ የለብንም። ከሦስቱም ቋንቋዎች የመጡ ተማሪዎች በየኮሌጁ አሉ፤ በክረምት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እያንዳንዱ የአንድ አዛውንት ቃል ቀርጾ ቢመጣ፣ በመስከረም ወር ልንለዋወጠው የምንችል መዝገብ ይኖረናል። የጣቢያውን የድሮ ቀን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ስለሚሄዱ፣ ሥራው ለሌላ ዓመት የሚተው አይደለም።